ፍርደ ገምድል ሲኒማ

የሰው ቤት የተከራየ ሰው ግድግዳውን ቀለም ሊቀባው፣ መጋረጃውን ሊለውጠው፣ ዕቃውንም እንደ ወደደ ሊደረድረው ይችላል። ምሰሶውን ነቅሎ ለማገዶ ሊፈልጠው ግን አይፈቀድለትም። የታወቀ መጽሐፍን ወደ ሲኒማ የሚለውጥ የፊልም አዘጋጅም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ለደራሲው ወይም ለወራሾቹ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው መጽሐፉን በፊልም የመሥራት ፈቃድን እንጂ የድርሰቱን ነፍስ የማውጣት ሥልጣንን አይደለም። ይህን ቀላል እውነት መዘንጋት የቱን ያህል በደል እንደሚያስከትል ለማስረዳት፣ አጋታ ክሪስቲ የተባሉት እንግሊዛዊት ደራሲ በ1939 ዓ.ም. ባሳተሙት አንድ የወንጀል ታሪክ ላይ የደረሰውን አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው «ከዚያም አንድም አልቀረም» በሚለው ስሙ ነው። ከመቶ ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ይነገርለታል፤ በወንጀል ምርመራ ድርሰት ታሪክ ውስጥም የሚተካከሉት ጥቂቶች ናቸው። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተደጋግሞ በፊልም ተሠርቷል። ክርክሬ ከእነዚህ ፊልሞች ከአብዛኞቹ ጋር ነው። የነገሩን ምሥጢር ሳልገልጥ ልከራከር ስለማልችል፣ መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው ይህን መጽሔት ለጊዜው አጥፎ አስቀድሞ መጽሐፉን ቢያነብ ይበጀዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በዴቮን ጠረፍ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ አሥር ሰዎች በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ። ስምንቱ ተጋባዦች ናቸው፤ ሁለቱ ቤቱን ለማገልገል የተቀጠሩ ባልና ሚስት ናቸው። የጠራቸውን ሰው በዓይኑ ያየው የለም። በመጀመሪያው ምሽት፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ከግራሞፎን ሸክላ አንድ ድምፅ ይነሣና እያንዳንዳቸውን በየስማቸው እየጠራ በነፍስ ግድያ ይከሳቸዋል። ከዚያች ሌሊት አንሥቶም፣ በየመኝታ ክፍሉ ተሰቅሎ በሚታየው የሕፃናት ግጥም ቅደም ተከተል መሠረት አንድ ባንድ ይሞታሉ። ባሕሩን ማዕበል ዘግቶታል፤ ጀልባ የለም። ደሴቲቱ ተበርብራ ሌላ ሰው ስላልተገኘባት፣ ገዳዩ ከእነርሱው መካከል አንዱ እንደሆነ ይታወቃል። በመጨረሻ አሥሩም አልቀው ይገኛሉ። የፖሊስ ሹማምንት መጥተው ቢመረምሩም ነገሩን ሊፈቱት አይችሉም። ምሥጢሩ የሚገለጠው በጠርሙስ ታሽጎ ወደ ባሕር የተጣለ አንድ ኑዛዜ በዓሣ አጥማጆች እጅ በገባ ጊዜ ነው። የኑዛዜው ባለቤት ከአሥሩ አንዱ፣ ሎረንስ ዋርግሬቭ የተባለው ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው።

ታሪኩን እስከዚህ ድረስ ብቻ የሰማ ሰው፣ «ይህስ ያው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ተከሳሾቹ እነማን እንደሆኑ እንመልከት። አርምስትሮንግ ሐኪም ነው፤ ሰክሮ ቀዶ ሕክምና በማድረጉ በሽተኛዋ በእጁ ሞታለች። ማክአርተር ጄኔራል ነው፤ በጦርነት ጊዜ የሚስቱ ወዳጅ የነበረውን የበታች መኮንን እንደማይመለስ እያወቀ ወደ ሞት ልኮታል። ብሎር የፖሊስ ሹም ነበረ፤ በሐሰት መስክሮ አንድ ሰው አስፈርዶበታል፤ ሰውዬው በወህኒ ቤት ሲሞት እርሱ የማዕረግ ዕድገት አግኝቷል። አገልጋዮቹ ባልና ሚስት የሚያስታምሟት አሮጊት እመቤታቸው መድኃኒቷን እንዳታገኝ አድርገው ውርሷን ወስደዋል። ኤሚሊ ብሬንት ሃይማኖተኛ ነኝ ባይ ሴት ናት፤ ገረዷ ማርገዟን ባወቀች ጊዜ ከቤቷ አባራት፣ ልጅቱ ራሷን ወንዝ ውስጥ ጥላለች። ማርስተን የተባለው ወጣት ደግሞ መኪናውን ያለ ልክ ሲያበር ሁለት ሕፃናት ገድሏል፤ ያሳዘነው ግን የመንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት መታገዱ ነው። ፊሊፕ ሎምባርድ በአፍሪካ ዱር የሚዞር ጀብደኛ ነው፤ አብረውት የነበሩትን 21 ሰዎች ጥሎ፣ የነበረውን ምግብ ይዞ አምልጧል። ቬራ ክሌይቶርን የሕፃን ሞግዚት ነበረች፤ በአደራ የተሰጣት ደካማ ሕፃን ከአቅሙ በላይ ወደ ባሕር እንዲዋኝ ፈቅዳለት እንዲሰጥም አድርጋለች፤ ሕፃኑ ቢሞት ሀብቱ ለምትወደው ሰው ይተላለፍ ነበርና።

እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ምንድን ነው? ከማርስተን በቀር ሁሉም አደራ በላዎች ናቸው። ሐኪሙ የበሽተኛን ነፍስ፣ ጄኔራሉ የወታደርን ሕይወት፣ ፖሊሱ የሕግን ምስክርነት፣ ሞግዚቷ የሰውን ልጅ፣ መሪው የተከታዮቹን ስንቅ በአደራ ተቀብለው ነበር። ሁሉም አደራቸውን በሉ፤ ሁሉም ከሕግ አመለጡ። ሕግ ጩቤ የጨበጠውን እጅ ለመያዝ ይችላል፤ ሳይሰጥ የቀረውን መድኃኒት፣ ሆን ተብሎ የዘገየውን ርዳታ፣ በማዕረግ ልብስ ተሸፍኖ የተሰጠውን የሞት ትእዛዝ ግን ለመያዝ ይቸገራል። የመጽሐፉ ቁም ነገር ይህ ነው። «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ የመጽሐፉ ቅርፊት ነው፤ ፍሬው «ሕግ የማይደርስበት ደም የማን ዕዳ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

አሁን ደግሞ አጥብቀን ልንይዘው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዳኛው በኑዛዜው ላይ የግድያውን ቅደም ተከተል እንዲሁ በዘፈቀደ እንዳላወጣው ይገልጣል። በደላቸው ቀለል ያለው አስቀድመው ይሞታሉ፤ ረጅሙን ጭንቀትና ፍርሃት ሳያዩት ያልፋሉ። በደላቸው የከፋው፣ አስበውና አስልተው የገደሉት፣ እስከ መጨረሻው ቆይተው ፍርሃትን እየተጎነጩ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ስለ ሌላው ሰው ማሰብ ከቶ ያልፈጠረበት ማርስተን መጀመሪያ፣ በባሏ ግፊት የበደለችው ሴት ሁለተኛ ይሞታሉ። በስተመጨረሻ የሚቀሩት ሁለቱስ እነማን ናቸው? ሎምባርድና ቬራ ናቸው። እርስ በርሳቸው ተጠራጥረው ቬራ ሎምባርድን በገዛ ሽጉጡ ትገድለዋለች። ከዚያም ወደ ክፍሏ ስትገባ የተዘጋጀ ሸምቀቆና ወንበር ታገኛለች፤ ያሰጠመችው ሕፃን እየታሰባት ራሷን ትሰቅላለች። ገዳይ አላስገደዳትም፤ የገዛ ሕሊናዋ ፈረደባት።

ዳኛውም ቢሆን ደራሲዋ አላመሰገኑትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ነፍስ በማጥፋት ደስ የሚለው ሰው መሆኑን ያናዝዙታል፤ ፍትሕን መውደዱንም ከዚሁ አውሬነቱ ጋር አጣብቀው ያሳዩናል። እርሱም በመጨረሻ ራሱን ይገድላል። እንግዲህ መጽሐፉ በግል መበቀልን ያስተምራል የሚል ሰው ቢኖር አላነበበውም። መጽሐፉ ሁለት አስፈሪ ነገሮችን ፊት ለፊት ያቆምልናል። በአንድ በኩል ሕግ ያልደረሰበት ወንጀል አለ፤ በሌላው በኩል ራሱን ሕግ ያደረገ ወንጀለኛ አለ። አንባቢው ከሁለቱ መካከል አንዱን መርጦ በሰላም የሚተኛበት መንገድ የለም። የድርሰቱም ታላቅነት ይህ ነው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንምጣ። ረኔ ክሌር የተባሉት ስመ ጥር ፈረንሳዊ አዘጋጅ በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ታሪኩን በሲኒማ ሠሩት። ሥራው በጥበብ ረገድ የሚናቅ አይደለም፤ ካሜራውን አሳምረው ይመሩታል፤ ተመልካቹን ማሳቅም ማስደንገጥም ያውቁበታል። ፍጻሜው ላይ ሲደርሱ ግን ፍርዱን ገለበጡት። ቬራ ከተከሰሰችበት ነገር ንጹሕ ሆና ትገኛለች። ሎምባርድ የተባለው ሰውም እውነተኛው ሎምባርድ አይደለም፤ የሎምባርድን ስም ይዞ የመጣ ወዳጁ ነው ይባላል። ቬራ የገደለችው ለማስመሰል ነበር፤ ዳኛው መርዝ ጠጥቶ ይሞታል፤ ሁለቱ ወጣቶች ተዋድደው ከደሴቲቱ ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ይህን መንገድ ተከትለው ነጎዱ። በ1965 ዓ.ም. ጆርጅ ፖሎክ ታሪኩን በረዶ ወደ ከበበው ተራራ ወሰዱት። በ1974 ዓ.ም. ፒተር ኮሊንሰን በኢራን በረሃ ውስጥ ወዳለ ሆቴል አዛወሩት። በ1989 ዓ.ም. አለን በርኪንሾው ድንኳን ተክለው ወደ አፍሪካ ዱር አመጡት። ደሴት፣ ተራራ፣ በረሃ፣ ዱር፤ ቦታው በየጊዜው ተለወጠ። ቦታው መለወጡ አላስቆጣኝም፤ ይህ የቀለምና የመጋረጃ ነገር ነው። ያስቆጣኝ አራቱም የገለበጡት ያንኑ ፍርድ መሆኑ ነው። አዲስ ፊልም ሠራን ይላሉ፤ የሠሩት ግን የቀደመውን ሰው ስሕተት በአዲስ ልብስ ነው።

ይህ ለውጥ ምን እንዳበላሸ እንመርምር። ዳኛው በደለኞቹን በሚዛን አስቀምጦ ቀላሉን በፊት፣ ከባዱን በኋላ አድርጎ እንደ ነበረ አይተናል። እንግዲህ በመጨረሻ የተቀመጡት ሁለቱ ንጹሓን ናቸው ከተባለ፣ ሚዛኑ ከነመቆሚያው ተገለበጠ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ነገር ሲመረምር የኖረው፣ እያንዳንዱን ክስ በጥንቃቄ አጣርቶ የሰበሰበው ሰው፣ በጣም ከባድ ናቸው ባላቸው በሁለቱ ላይ ብቻ ተሳሳተ ብለን ማመን አለብን። ስለ ዘጠነኛውና ስለ አሥረኛው ሞኝ የሆነ፣ ስለ ሌሎቹ ግን አዋቂ የሆነ ዳኛ! በእንቆቅልሽ ሕግ እንኳ ቢታይ ይህ የማይገጥም ነገር ነው። ከዚህም የከፋው፣ ምሕረቱ የተሰጠው ስለ ጥፋት ቅለት ሳይሆን ስለ መልክና ስለ ወጣትነት መሆኑ ነው። አሮጊቷ ትሙት፤ ጄኔራሉ ሽማግሌ ነው ይሙት፤ አገልጋዩ አገልጋይ ነው ይሙት፤ ቆንጆዋ ልጅና ጎበዙ ወጣት ግን ይዳኑ! በአንድ ችሎት ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ቢሰጥ ሕዝብ ምን ይል ነበር? ፍርደ ገምድል ይል ነበር። በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ግን ያጨበጭባል።

እዚህ ላይ እኛ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ዝም ብለን ልናልፈው የማይገባን ነገር አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ሎምባርድ የተከሰሰባቸው 21 ሰዎች የአንድ ምሥራቅ አፍሪካ ነገድ ተወላጆች ናቸው። ደራሲዋ ለሐኪሙ በሽተኛ ስም ሰጥተዋታል፤ የሰጠመው ሕፃን ሲሪል ሐሚልተን ይባላል፤ በወህኒ ቤት የሞተው ሰው ጄምስ ላንዶር ይባላል። ለሃያ አንዱ ሰዎች ግን የራሳቸውን ስም ቀርቶ የነገዳቸውን ስም እንኳ አልሰጧቸውም። ይህ የመጽሐፉ ጉድለት ነው፤ አልሸሽገውም። ይሁን እንጂ ደራሲዋ ደማቸውን ቆጥረዋል። ሎምባርድ ያደረገውን አይክድም፤ እንዲያውም የአገሬው ሰዎች ሞትን እንደ አውሮፓውያን አይቆጥሩትም በማለት ሊያቃልለው ይሞክራል። መጽሐፉ ግን ይህን ቃል አልተቀበለውም፤ ይህን የተናገረውን ሰው ከሐኪሙም ከጄኔራሉም በኋላ፣ ከሁሉም ከባድ በደለኞች ጎን አስቀምጦ በሞት ቀጥቶታል። በዚያ ሚዛን ላይ ስም ያልተሰጣቸው ሃያ አንዱ ሰዎች ክብደት ነበራቸው።

ፊልሙ ምን አደረገ? በ1945ቱ ሥራ ላይ ክሱ በሸክላው ላይ ይነበባል፤ ተከሳሹ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። እውነተኛው ሎምባርድ እኛ ሳናየው ራሱን እንደ ገደለ በወሬ ይነገረንና ነገሩ ይዘጋል። የሃያ አንዱን ሰዎች ደም የሚጠይቅ፣ ስለ እነርሱ አንዲት ቃል የሚተነፍስ ሰው አይኖርም። ወንጀሉ ለፍቅር ታሪክ መንገድ ስለ ዘጋ ብቻ እንደ ቆሻሻ ተጠርጎ ወጣ። በኋላም የፊልሙ ድንኳን ወደ አፍሪካ ዱር በመጣ ጊዜ ፍጻሜው ያው ሆነ፤ የአፍሪካ ምድር ለፊልሙ ማጌጫ ተፈለገች፤ ከደሟ ጋር የሚተሳሰበው ፍጻሜ ግን አልተፈለገም።

መጽሐፉ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የታተመው ጥቁሮችን በሚሰድብ ስም እንደ ነበረም መታወስ አለበት። በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲታተም ስሙ ተለወጠ፤ በእንግሊዝ ግን ስድቡ እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ድረስ በሽፋኑ ላይ ቆየ። ስሙ መለወጡ የሚያስመሰግን ነው፤ ከዚያም ፈጥኖ ሊሆን በተገባ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አድርገን እንመልከታቸው። አንደኛው ስድቡን ከሽፋኑ ላይ ፋቀ፤ ይህ ማረም ነው። ሁለተኛው ደሙን ከገዳዩ እጅ ላይ አጠበ፤ ይህ መሸፈን ነው። ማረምና መሸፈን ሁለቱም ለውጥ ስለሚባሉ ብቻ አንድ አይደሉም። የቆየን ድርሰት እንደገና የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ይህንኑ ነው።

የፊልሞቹ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር ሦስት ዓይነት ነው። አንድ ባንድ እንመልከተው።

አንደኛ፣ «ፍጻሜውን መጀመሪያ የለወጡት ደራሲዋ ራሳቸው ናቸው» ይላሉ። እውነት ነው። አጋታ ክሪስቲ ታሪኩን በ1943 ዓ.ም. ለለንደን ቴያትር ሲያዘጋጁ ሁለቱን ሰዎች ንጹሓን አድርገው አድነዋቸዋል። ምክንያቱንም በሕይወት ታሪካቸው ላይ ገልጠውታል፤ ሁሉም ካለቁ በመድረክ ላይ ታሪኩን የሚናገር አይቀርምና። የሕፃናቱም ግጥም ሁለት ዓይነት አጨራረስ አለው፤ በአንዱ የመጨረሻው ልጅ ይሰቀላል፣ በሌላው ያገባል። ደራሲዋ ለመድረኩ ሁለተኛውን መረጡ። ዓመቱም የጦርነት ዓመት ነበረ፤ በቦምብ ሲደበደብ የከረመ ሕዝብ ጥቂት ተስፋ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲገባ ቢያስቡለት ማን ይነቅፋቸዋል? ነገር ግን ልብ በሉ። ደራሲዋ መጽሐፋቸውን አልለወጡትም፤ ከቴያትሩ በኋላ በታተመ ቁጥር አሥሩም እንደ ሞቱ ነው የታተመው። ለአንድ መድረክ፣ ለአንድ ክፉ ዘመን የተፈቀደ ነገር፣ ጦርነቱ ካለፈ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለተሠሩት ፊልሞች ሕግ ሊሆን አይችልም። ሲኒማ ደግሞ የመድረክ ችግር የለበትም፤ ካሜራው ሰው ሁሉ ከሞተ በኋላም ሊያይና ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ተመልካች ደስ ብሎት መሄድ ይፈልጋል» ይላሉ። ይህ ሕዝብን ማክበር ሳይሆን መናቅ ነው። ያንን አሳዛኝ ፍጻሜ የያዘውን መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠር አንባቢ ገዝቶ አንብቦታል። እነዚህ ሰዎች ከመጽሐፍ መሸጫው ወጥተው ወደ ሲኒማ ቤቱ በገቡ ጊዜ ሕፃናት ይሆናሉን? መራራውን ነገር በመጽሐፍ የተቀበለ ሕዝብ በፊልምም ይቀበለዋል፤ የማይችለው ሕዝቡ ሳይሆን ገበያውን የሚፈራው ነጋዴ ነው።

ሦስተኛ፣ «ሲኒማ ሌላ፣ መጽሐፍ ሌላ ነው፤ ሳይለውጡ መሥራት አይቻልም» ይላሉ። በዚህ ነገር እስማማለሁ፤ ለዚህም ነው እንደገና የተሠራ ፊልምን ሁሉ በጅምላ የማልኮንነው። ዳሺየል ሐሜት የተባሉት አሜሪካዊ ደራሲ በ1930 ዓ.ም. ያሳተሙት «የማልታው ጭልፊት» የተባለው የወንጀል ምርመራ መጽሐፍ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በፊልም ተሠርቷል። መጀመሪያ በ1931 ተሠራ። በ1936 የተሠራው ሁለተኛው ጭልፊቱን ወደ መለከት፣ ታሪኩንም ወደ ቀልድ ለወጠው። ሦስተኛውን በ1941 ጆን ሂዩስተን ሠሩት፤ እንደ አዘጋጅ የመጀመሪያ ሥራቸው ነበረ። ይኸው ሦስተኛው ሁለቱን አስረስቶ እስከ ዛሬ ይኖራል። ሂዩስተን ከመጽሐፉ ብዙ ነገር አሳጥረዋል፤ ፍርዱን ግን አልነኩም። መርማሪው የሚወዳት ሴት ባልደረባውን የገደለች መሆኗን ባረጋገጠ ጊዜ፣ ልቡ እየቆሰለ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣታል። እዚያም ወንድና ሴት ነበሩ፤ እዚያም ፍቅር ነበረ፤ እዚያም «ይዳኑ» ማለት ቀላል ነበረ። አላሉም። ስለዚህ ሥራው ቆመ።

«የክሪስቲን ታሪክ ግን እንዲህ መሥራት አይቻልም» የሚል ቢኖር መልሱ ተሠርቶ ተቀምጦለታል። በ1987 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ስታኒስላቭ ጎቮሩኺን የመጽሐፉን ፍጻሜ ጠብቀው ፊልም አደረጉት፤ ሎምባርድም ቬራም በደለኞች ናቸው፤ አንድም አይተርፍም። ከ1945 ጀምሮ አይቻልም ሲባል የኖረው ነገር እንደሚቻል ታየ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቢ.ቢ.ሲ. ሳራ ፌልፕስ የጻፉትንና ክሬግ ቪቬይሮስ ያዘጋጁትን ባለ ሦስት ክፍል የቴሌቪዥን ሥራ አቀረበ። ይህ ሥራ ከመጽሐፉ ብዙ ነገር ለውጧል። የሎምባርድን ወንጀል ለምሳሌ እንደ መጽሐፉ አልተወውም፤ ይሁን እንጂ ከማቅለል ይልቅ አከበደው፤ ሃያ አንዱን ሰዎች ስለ አልማዝ ሲል እንደ ገደላቸው አድርጎ አቀረበ። «ታሪኩን ማን ይናገራል?» የሚለውንም ችግር በቀላሉ ፈታው፤ ቬራ ሸምቀቆው አንገቷ ላይ ሳለ ዳኛው ይገባና ምሥጢሩን ይነግራታል፤ ከዚያም ወንበሩን ከእግሯ ሥር ይወስደዋል። እዚህ ላይ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሊከራከር ይችላል፤ በመጽሐፉ ቬራን የገደላት ሕሊናዋ ነበረና። ቢሆንም ፍርዱ በዚያው ጸና። መለወጥና መገልበጥ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

«ለመሆኑ አንድ የመዝናኛ ፊልም ይህን ያህል ክርክር ይገባዋልን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አዎን፣ ይገባዋል። ሕዝብ ስለ ፍርድ የሚማረው ከሕግ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የሕግ መጽሐፍን የሚያነቡ ጥቂቶች ናቸው፤ ታሪክ የሚሰማው፣ ፊልም የሚያየው ግን እልፍ ነው። ወንጀለኛው መልከ ቀና ከሆነ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገኝ፣ ሟቹ ስም የለሽ ከሆነ ጠያቂ እንደማይኖረው ደጋግሞ የሚያሳይ ሲኒማ፣ ሳይታወቅ ዓይናችንን ያለማምደዋል። ዓይን የለመደውን ደግሞ እጅ መሥራቱ አይቀርም።

ስለዚህ ለመምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ተማሪው «ፊልሙን አይቼዋለሁና መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልገኝም» ሲል ዝም አትበሉት። ሁለቱን ፍጻሜዎች ጎን ለጎን አቅርባችሁ፣ በፊልሙ ላይ ማን ነጻ እንደ ወጣ፣ ለምን ነጻ እንደ ወጣ፣ በነጻነቱም የማን ደም እንደ ተረሳ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ መመለስ የቻለ ተማሪ ስለ ሥነ ጽሑፍም ስለ ፍትሕም ከብዙ ትርጓሜ የበለጠ ትምህርት አግኝቷል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለነውም መጽሐፉን ብናነብ አይጎዳንም። በደሴቲቱ ላይ የተሰበሰቡት ሽፍቶች አልነበሩም፤ ሐኪምና መኮንን፣ ፖሊስና ዳኛ ነበሩ። የገደሉትም በጨለማ ጫካ ውስጥ አድፍጠው ሳይሆን፣ ሥራቸውን በቸልታ ወይም በተንኮል በሠሩበት በዚያ ተራ ቀን ነው። አንድ ፊርማ ሳይፈረም በመዘግየቱ፣ አንድ ምስክርነት በመጣመሙ፣ አንድ ስንቅ ለባለቤቱ ባለመድረሱ የሚጠፋ ሕይወት መኖሩን የሚያስታውስ መጽሐፍ በየጠረጴዛችን ላይ ቢቀመጥ ይገባው ነበር።

ይህን መጽሐፍ ወደፊትም በፊልም የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸው አይቀርም። ደሴቲቱን ወደ ወደዱት አገር ይውሰዷት፤ ግራሞፎኑን በወደዱት መሣሪያ ይለውጡት፤ ገጸ ባሕርያቱንም በወደዱት ቋንቋ ያናግሯቸው። የማንጠይቃቸውን ነገር ሁሉ እንተውላቸዋለን። የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአደራ የተሰጣት ሕፃን የሰጠመባት ሴትና 21 ሰዎችን ለረሃብ ጥሎ የሄደው ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው በፈገግታ ከደሴቲቱ እንዳይወጡ። የወጡ እንደሆነ ፊልሙ መጽሐፉን ሠራሁ አይበል፤ ሌላ ስም ይፈልግ።